ምዕራፍ ስድስት፦ ዋስ የሌለው ተከራይ

ኢትዮጵያ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ ማደሪያ አይፈልግም። ምደባው ሲነገር ግቢው ይታወቃል፤ ግቢው ሲታወቅ ብሎኩና አልጋው ይከተላሉ። ክፍሉ ሊጠብ፣ ደባሎቹ ሊበዙ፣ ውኃው ሊቋረጥ ይችላል። ወጪውም በወጪ መጋራት ውል ተጽፎ ከምረቃ በኋላ ይከፈላል። ቢሆንም ሻንጣውን ተሸክሞ ግቢ የገባ ተማሪ ማታ የት እንደሚያድር አይጨነቅም።

ይኸው ተማሪ ለሁለተኛ ዲግሪ በርሊን ሲመጣ የለመደው ሥርዓት አብሮት አይመጣም። የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ይፈትናል፣ ይመርቃል፤ አያሳድርም። የተማሪ መኖሪያዎችን የሚያስተዳድረው ከዩኒቨርሲቲዎቹ ውጭ የቆመ፣ ካፍቴሪያዎቹንም የሚያካሂድ ሽቱዲረንደንቬርክ የሚባል የሕዝብ ተቋም ነው። በርሊን ውስጥ ይህ ተቋም ከ9,000 የሚበልጡ የመኝታ ቦታዎች አሉት። የከተማዋ ተማሪዎች ደግሞ 200,000 ያህል ናቸው። የግል መኖሪያዎቹን ለጊዜው ትተን ብናሰላው ከመቶ ተማሪ አምስት እንኳ አይደርሳቸውም። የቀሩት ከተማው ውስጥ ራሳቸው ይፈልጉ ማለት ነው። ወረፋ መያዝ ይቻላል፤ መያዝም ይገባል፤ የመግቢያው ደብዳቤ በደረሰ ዕለት። ተራው የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ሴሚስተሮች ካለፉ በኋላ ነው።

የገንዘቡን ነገር አስቀድመን እንየው። ለተማሪ ቪዛ የሚጠየቀው የተቆለፈ የባንክ ሂሳብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ ናቸው) ከ2024 መስከረም ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው፤ በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀ ይሰጣል። በእነዚሁ ዓመታት በርሊን ውስጥ በደባልነት የሚከራይ አንድ ክፍል ዋጋ በአማካይ 650 ዩሮ አካባቢ ደርሷል። የተማሪ የጤና መድን 140 ዩሮ ገደማ ይወስዳል። ከሁለቱ የሚተርፈው 200 ዩሮ የወሩ ቀለብ፣ ስልክና ልብስ መሆን አለበት። የጀርመን መንግሥት ራሱ ለአገሩ ተማሪዎች በሚሰጠው የትምህርት ድጎማ ውስጥ ለቤት ኪራይ የመደበው 380 ዩሮ ነው። ስለዚህ ችግሩ የእንግዳው ብቻ አይደለም፤ የባቫሪያ ገበሬ ልጅም በዚያው ገበያ ይቸገራል። ልዩነቱ የሚመጣው ከገንዘቡ ቀጥሎ ባለው ጥያቄ ላይ ነው፤ ይህ ምዕራፍም የተጻፈው ስለዚያ ጥያቄ ነው። ጥያቄው «አንተን ማን ያውቅሃል?» የሚል ነው።

ጥያቄው ይህን ያህል የከበደበትን ምክንያት ለማየት ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ወደ ኋላ እንመለስ። የበርሊን ግንብ በ1989 ሲፈርስ በምሥራቁ ክፍል በፕሬንትስላወር ቤርግና በፍሪድሪሽስሃይን ብዙ አሮጌ ቤቶች ባዶ ነበሩ። ማሞቂያቸው የከሰል ምድጃ፣ አንዳንዱ ሽንት ቤት በደረጃው መካከል፣ ኪራዩ ግን ለተማሪ የሚቀመስ። በርሊን የወጣቶችና የአርቲስቶች ከተማ የሚል ስም ያወጣችው ያኔ ነው። ከተማዋ ግን በዕዳ ተያዘች። ዕዳዋን ለማቃለል በ2004 ጌ ኤስ ቬ የተባለውን የቤቶች ድርጅቷን ወደ 65,000 ከሚጠጉ ቤቶቹ ጋር ለባለሀብቶች ሸጠች። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እየጨመረ መጣ፤ አዲስ ቤት የሚሠራበት ፍጥነት አልተከተለውም። በ2020 የከተማዋ ምክር ቤት ኪራይን ባለበት የሚያቆም ሕግ አወጣ፤ በ2021 ሚያዝያ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይህን መደንገግ የከተማዋ ሥልጣን አይደለም ብሎ ሻረው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከድምፅ ሰጪዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት የትልልቅ ኩባንያዎች ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ይዙሩ ብለው ድምፃቸውን ሰጡ። ቤት በበርሊን ምን ያህል የልብ ጉዳይ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

ለተማሪው ትልቁ መዘዝ ግን ብዙ የማይወራለት ነው። የጀርመን ሕግ ቤት ውስጥ የገባን ተከራይ አጥብቆ ይጠብቃል፤ ኪራዩን እንደ ፈለጉ መጨመር አይቻልም፣ ያለ በቂ ምክንያት ማስወጣትም አይቻልም። ስለዚህ ከ15 ዓመት በፊት የተከራየ ሰው ዛሬም ርካሽ ውሉን ይዞ ተቀምጧል፤ ጎረቤቱ ትናንት የገባው ደግሞ ለተመሳሳይ ቤት እጥፍ ሊከፍል ይችላል። እንዲህ ያለ ውል ያለው ሰው አይለቅም። ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ቢወስደው፣ ቢያገባ፣ ለአንድ ዓመት ወደ ውጭ ቢሄድ እንኳ ውሉን በስሙ አስቀምጦ ክፍሎቹን ለሌሎች ያከራያል። ብዙው የተማሪ ክፍል ገበያ ሳይወጣ በዋናው ተከራይ በኩል ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ሰጪው ትልቅ ድርጅት ቢሆን ኖሮ ወረቀት አይቶ ይወስን ነበር። እዚህ ግን ሰጪው በዚያው ኩሽና ቁርሱን የሚበላ ሰው ስለሆነ የሚመርጠው የሚያውቀውን ወይም የሚያውቀው ሰው የሚመሰክርለትን ነው።

እንግዳው ተማሪ ደግሞ የሌለው ይህ ነው። ሙሉ ቤት ልከራይ ቢል የሚጠየቀውን ወረቀት ተመልከቱ፦ የሦስት ወር የደመወዝ ማስረጃ፣ ከቀድሞ አከራይ የኪራይ ዕዳ የለበትም የሚል ደብዳቤ፣ የሹፋ ማረጋገጫ። ሹፋ የሰዎችን የዕዳ አከፋፈል ታሪክ የሚመዘግብ ድርጅት ነው፤ በ1927 እዚያው በርሊን ውስጥ የተቋቋመ፣ መነሻውም የኤሌክትሪክ ዕቃ በዱቤ የሚገዙ ሰዎችን ማወቅ ነበር። መዝገቡ ውስጥ ለመግባት ጀርመን ውስጥ የባንክ ሂሳብ፣ የስልክ ውል፣ አንዳች የሚከፈል ነገር ያስፈልጋል። ትናንት ከቦሌ የተነሣ ልጅ በዚያ መዝገብ መጥፎ ስም የለውም፤ ጥሩ ስምም የለውም። አከራዩ ግን ባዶውን ወረቀት እንደ መጥፎ ያነበዋል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያለ አባት ዋስ ልሁን ቢል ብዙ አከራይ አይቀበለውም፤ የሚፈልገው ደመወዙ ጀርመን ውስጥ የሚገባ ዋስ ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ አንሜልዱንግ አለ። ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቡርገርአምት ከሚባለው የቀበሌ ዓይነት ጽሕፈት ቤት ሄዶ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት። ከ2015 ኅዳር ጀምሮ ደግሞ ቤቱን የሰጠው ሰው «አዎ፣ እኔ ዘንድ ገብቷል» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ይጠየቃል። የግብር ቁጥሩ የሚመጣው በተመዘገበው አድራሻ ነው፤ ያለ ግብር ቁጥር የተማሪ ሥራ መጀመር ችግር ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱን ለማደስም ምዝገባው ይፈለጋል፤ ብዙ ባንኮችም ይጠይቁታል። እንግዲህ ክበቡ ይህ ነው፦ ቤት ለማግኘት ወረቀት፣ ወረቀት ለማግኘት ቤት። ከዚህ ክበብ እናወጣሃለን የሚሉ አታላዮችም አሉ። ገንዘብ ተቀብለው በማይኖርበት አድራሻ ያስመዘግቡታል። ይህ በሕግ እስከ 50,000 ዩሮ ሊያስቀጣ የሚችል ጥፋት ነው፤ ማንም ወንድም «ሁሉም ያደርገዋል» ቢል አትስሙት።

ወደ ክበቡ መግቢያ በሩ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ በጊዜያዊ ክፍል መግባት። ብዙ የበርሊን ተማሪ ለልውውጥ ትምህርት ሲሄድ ክፍሉን ለሦስት ወይም ለስድስት ወር ለሌላ ያስተላልፋል፤ ትስቪሸንሚተ ይሉታል። ይህን ክፍል የሚሰጥ ሰው ዕቃውን ትቶ ስለሚሄድ እምነት ይፈልጋል፤ ግን የሚፈልገው የዕድሜ ልክ ደባል አይደለምና ምርጫው ይላላል። አዲስ የሚመጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚያስበው ለሁለት ዓመት የሚሆን ቤት ነው። እኔ የምመክረው ሌላ ነው፦ የመጀመሪያው ግብ ለምዝገባ የሚፈርም ሰው ያለበት የጥቂት ወራት ክፍል ይሁን። ፈርሙልኝ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አስመዝግባለሁ የማይል አከራይ ክፍል ግን ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው። ከዚያ አድራሻ ሆኖ ሂሳብ ይከፈታል፣ የግብር ቁጥር ይመጣል፣ ኪራይ በየወሩ በባንክ ይከፈላል። በስድስት ወር ውስጥ ባዶው ወረቀት መጻፍ ይጀምራል። ጊዜያዊውን ክፍል የሚለቅ ሰው ከዋናው ተከራይ አንድ አጭር ደብዳቤ ይቀበል፦ ኪራዩን በጊዜው ከፍሏል፣ ቤቱን በጥሩ ሁኔታ አስረክቧል የሚል። በማያውቁት ከተማ የመጀመሪያው ምስክር ይህ ነው።

የሚገባበትን ጊዜም ማሰብ ያስፈልጋል። የክረምቱ ሴሚስተር ትምህርት በጥቅምት አጋማሽ ስለሚጀምር መስከረምና ጥቅምት በበርሊን የክፍል ፍለጋ ጦርነት ናቸው። ቪዛው ፈቅዶለት ነሐሴ ላይ የደረሰ፣ ወይም በሚያዝያ የሚጀምር ትምህርት የመረጠ ሰው ሌላ ገበያ ያገኛል። ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲ ይህን አይጠይቅምና ብዙ የእኛ ልጆች ወረቀታቸው ዘግይቶ በኅዳር ይደርሳሉ። ኅዳር ላይ የሚደርስ ሰው የሚያጽናናው ነገር አለ፦ በጥቅምት በችኮላ ደባል ሆነው ያልተስማሙ ሰዎች መለያየት የሚጀምሩት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ኩሽናው እንግባ፤ ነገሩ የሚወሰነው እዚያ ነውና። በበርሊን ተማሪዎች በደባልነት የሚኖሩበትን ቤት በሁለት ፊደል «ቬ ጌ» ብለው ይጠሩታል። አንድ ክፍል ሲለቀቅ ማስታወቂያ ይወጣል፤ በሰዓታት ውስጥ መቶ መልእክት ሊጎርፍ ይችላል፤ ነዋሪዎቹ ጥቂቶቹን መርጠው ለሻይ ይጠራሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጭውውት ይደረጋል። ስለ ገንዘብ ብዙ አያወሩም። የሚጠይቁት ትርፍ ጊዜህን በምን ታሳልፋለህ፣ አብሮ ማብሰል ትወዳለህ ወይ፣ ጽዳት በተራ ይሁን ወይስ በስሜት፣ የፍቅር ጓደኛ እየመጣ ያድራል ወይ የሚሉ ነገሮችን ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አስተዳደግ ይጎዳናል። ጨዋ ልጅ ሰው ቤት ሲገባ ቆጠብ ይላል፤ የተጠየቀውን በአጭሩ ይመልሳል፤ ስለ ራሱ መልካም ነገር ሌላ ሰው እንዲናገርለት ይጠብቃል፤ ሻዩን «ይቅርብኝ» ብሎ ሁለት ጊዜ ይለመናል። በዚያ ኩሽና ሁለተኛ የሚለምነው የለም። ቁጥብነቱ ግድ የለሽነት መስሎ ይታያል፣ ዝምታውም «እኛን አልወደደንም» ተብሎ ይተረጎማል። ስለዚህ ሻዩ ሲቀርብ መቀበል፣ ቤቱን መጠየቅ፣ «ይህን ክፍል እፈልገዋለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በመልእክቱም እንደዚሁ ነው፤ የማስታወቂያውን ዝርዝር አንብቦ የቤቱን ሰዎች በስማቸው እየጠራ የጻፈ ሰው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከላከው ይቀድማል። ውሸት መናገር ግን ዋጋ የለውም። በዓል ላይ እንግዳ ይመጣብኛል፣ በርበሬ አበስላለሁ፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለምሄድ ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ይከብደኛል የሚል ሰው ባያገኘው የማይቆጨውን ቤት ነው የሚያጣው። ክሮይትስበርግና ኖይከልን በሚባሉት ሰፈሮች ውስጥ አንድ ኩሽና ቱርካዊት፣ ስፔናዊ፣ ሶርያዊና ከሽቱትጋርት የመጣች ልጅ ይካፈሉታል፤ ሽንኩርት ሲቁላላ የሚደነግጥ ሰው እዚያ አይኖርም።

ሁሉም በር እንዲህ እኩል የተከፈተ ነው ማለት ግን አልችልም። በ2017 ባየሪሸር ሩንድፉንክ የተባለው የሕዝብ ብሮድካስትና ሽፒገል መጽሔት በአሥር ከተሞች 20,000 ያህል የቤት ጥያቄዎችን ላኩ። ደብዳቤው አንድ፣ ሥራው አንድ፣ ጀርመንኛው እኩል የጠራ ነበር፤ የሚለየው ስሙ ብቻ። ጀርመናዊ ስም ያለው ሰው ቤቱን እንዲያይ ከተጋበዘባቸው አራት ጊዜያት በአንዱ የውጭ ስም ያለው ታልፎ ነበር። ከሁሉም የበለጠ የታለፉት የቱርክና የዓረብ ስም ያላቸው ናቸው። ሃብታሙ ወይም ፋጡማ ተብሎ የሚጻፍ ስም ከዚህ ነፃ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ራሱን ያታልላል። ከ2006 ጀምሮ አድልዎን የሚከለክል ሕግ አለ፤ ግን ክልከላው በትልልቅ አከራዮች ላይ ሲጠነክር በትንንሾቹ ላይ ይላላል፤ አከራይና ተከራይ ተቀራርበው በሚኖሩበት ቤት ደግሞ ጭራሽ ላይሠራ ይችላል። ተማሪው የሚፈልገው ክፍል ያለው እዚያ ነው። በርሊን ውስጥ በቤት ፍለጋ አድልዎ ለደረሰባቸው ሰዎች ምክር የሚሰጥ ልዩ ጽሕፈት ቤት አለ፤ መልእክቶችን ማስቀመጥና መሄድ ያስፈልጋል። በዝምታ ለታለፈበት ለእያንዳንዱ በር «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብሎ ራሱን የሚከስ ተማሪ ግን ያሳዝነኛል። ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነው።

በርሊን ተማሪን የተቀበለችው ሁልጊዜ በዚህ መልክ አይደለም። ነፃ ዩኒቨርሲቲዋ በ1948 የተመሠረተው በሶቪየት ክፍል በነበረው ዩኒቨርሲቲ የኮሚኒስቶቹ ጫና ያስመረራቸው ተማሪዎችና መምህራን ወደ ምዕራቡ ክፍል ወጥተው ነው። ተማሪዎቹ የሚኖሩበት ሲጠፋ፣ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ የበርሊንን ጉዳይ ይዛ የነበረችው ኤሊኖር ደለስ ባቀናጀችው ድጋፍ በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በሽላህተንዜ የተማሪዎች መንደር ተሠራ፤ በ1959 ነዋሪዎቹን መቀበል ጀመረ። አሠራሩ ራሱ ሐሳብ ነበረው። አንድ ትልቅ ሕንፃ አልሆነም፤ በሣር መካከል የተበተኑ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ትንንሽ የግል ክፍሎችና ሰፊ የጋራ ኩሽናዎች ናቸው። ከናዚ ዘመን የወጣ ወጣት ከማያውቀው ሰው ጋር መወያየትን፣ የራሱን መንደር ራሱ ማስተዳደርን እዚያ እንዲማር ታስቦ ነው። በኋላ መንደሩ ሊፈርስ ሲል ነዋሪዎቹና ደጋፊዎቹ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው አዳኑት። ዛሬም ተማሪ ይኖርበታል፤ ከብዙ አገር። ለሽቱዲረንደንቬርክ ብቻ ያመለከተ ሰው ይህንና እንዲህ ያሉትን የቤተ ክርስቲያንና የማኅበራት መኖሪያዎች ይዘነጋል፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል።

በግንቡ ማዶ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነበር፤ የእኛም እጅ ያለበት። በደርግ ዘመን ወደ ምሥራቅ ጀርመን የተላኩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይፕሲግ ሄርደር ኢንስቲትዩት ገብተው ቋንቋ ይማሩ፣ ከዚያ ወደየዩኒቨርሲቲው ይበተኑ ነበር። መኝታቸውን የሚያዘጋጀው መንግሥት ነበር። ነፃነቱ ጠባብ፣ ዓይን የሚበዛበት ኑሮ ነበር፤ ያንን ዘመን ልናፍቅ አልችልም። ግን አንድ ነገር ከሁለቱም ወገን እወስዳለሁ። ምዕራቡም ምሥራቁም ተማሪን ከሩቅ ጠርቶ ሲያመጣ አልጋውን የጥሪው አካል አድርጎ ያየው ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪ ብዛታቸውን በኩራት ያወጣሉ፤ የጠሩትን ሰው ግን ዋስ አይሆኑለትም። ክፍል መሥራት ዓመታት ይፈጃል፤ ይገባኛል። ለመጀመሪያው ዓመት ለአከራይ «ይህ ተማሪ የእኛ ነው፣ ለመያዣው እኛ እንቆማለን» ብሎ መፈረም ግን ሕንፃ አይፈልግም። ይህን የሚያደርግ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት ሲሆን ለእንግዳው የሚያደርገው ግን ከማንኛውም የአቀባበል ሳምንት ይበልጣል።

እስከዚያው ድረስ የዋስነቱን ሥራ የሚሠራው ሐበሻው ራሱ ነው። የበርሊን የሐበሻ ቁጥር እንደ ፍራንክፈርት አይደለም፤ ቢሆንም ከቅዳሴ በኋላ፣ ከሶላት በኋላ፣ ምግብ ቤት ውስጥ «አንድ ልጅ መጥቷል፣ ክፍል የሰማ» ብሎ የሚጠይቅ ታላቅ አይጠፋም። ያ ቃል መልእክት ከመላክ ይፈጥናል፤ የሚናገረው ሰው ስሙን ያስይዛልና። አዲስ የመጣ ተማሪ በዚህ ማፈር የለበትም። ሁለት ነገር ግን ያስብ። ሳሎን ላይ ያሳደረው ዘመድ በዋናው ውል ላይ አከራይ አለበት፤ ለጥቂት ሳምንት እንግዳ መቀበል የማንም መብት ነው፣ ወር አልፎ ወር ሲተካ ግን ባለቤቱን ችግር ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ሁለተኛ፣ የአገር ልጅ ነው ብሎ ያለ ጽሑፍ አይከራይ። መጽሐፍ የሚያህል ውል አያስፈልግም፤ ስም፣ ክፍል፣ ኪራይ፣ መያዣ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ፊርማ ይበቃል። ወንድማማች የሚያጣላው በወረቀት ያልተጻፈ ገንዘብ ነው።

ስለ አታላዮች አጭር ቃል። ክፍሉ መሃል ከተማ፣ ፎቶው ያማረ፣ ዋጋው ከገበያው ግማሽ ከሆነ፣ ባለቤቱም «እኔ አሁን ለንደን ነኝ፣ መያዣውን ላክልኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» ካለ ቤቱ የለም። ወይም ቤቱ አለ፣ የእሱ ግን አይደለም። ገና አዲስ አበባ ሆኖ የሚፈልግ ሰው ለዚህ የተጋለጠ ነው፤ ሄዶ ማየት አይችልምና። በርሊን ያለ ማንም ሰው ሄዶ ደወሉን እንዲደውልለት ይለምን፤ የማይቻል ከሆነ ለመጀመሪያው ወር ሆስቴል ወይም የታወቀ ማረፊያ ይያዝ። የፓስፖርቱን ቅጂም ለማያውቀው ሰው አይላክ፤ በእሱ ስም ሌላውን ያታልሉበታል።

ውሉ ሲመጣ የሚታዩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ማስታወቂያዎች ላይ ሁለት ዋጋ ይጻፋል፤ ማሞቂያና ውኃ ያልተጨመረበት ካልትሚተ፣ የተጨመረበት ደግሞ ቫርምሚተ። መብራትና ኢንተርኔት አንዳንዴ ከሁለቱም ውጭ ናቸው፤ ለሬዲዮና ቴሌቪዥን በቤት የሚከፈለው ወርኃዊ 18.36 ዩሮም አለ፤ እሱን ደባሎቹ ይካፈሉታል። መያዣው ከሦስት ወር ካልትሚተ ሊበልጥ አይችልም፤ ተከራዩም በሦስት ወር ከፋፍሎ ሊከፍለው ሕግ ይፈቅድለታል። ይህን ብዙ ተማሪ አያውቅም፤ በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ገንዘብ ይበደራል። ውሉ ላይ የሚፈርመው ዋናው ተከራይ ከሆነ አከራዩ እንደፈቀደለት የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቅ። ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ዕቃ ያለው ክፍል የተከራየ ሰው ጥበቃው ዝቅተኛ መሆኑን ይወቅ፤ እስከ ወሩ አጋማሽ በተሰጠ ማስጠንቀቂያ በወሩ መጨረሻ ሊወጣ ይችላል። ከውሉ ያልገባው ነገር ካለ የበርሊን ወረዳዎች ለነዋሪው በነፃ የተከራይ ምክር ይሰጣሉ፤ የተማሪ ማኅበራትም ጠበቃ አላቸው።

ቤቱ ራሱስ? አሮጌው የበርሊን ቤት በመንገዱ በኩል የፊት ሕንፃ አለው፣ ከጀርባው ግቢ፣ ከግቢው ጀርባ ሌላ ሕንፃ፣ አንዳንዴም ሌላ ግቢ። በ1853 የወጣው የግንባታ ደንብ ግቢው በየጎኑ ቢያንስ 5.34 ሜትር እንዲሆን ያዘዘው የእሳት አደጋ ጋሪ እንዲዞርበት ነው፤ ስለ ፀሐይ ያሰበ አልነበረም። ስለዚህ በኋለኛው ሕንፃ ምድር ላይ ያለ ክፍል በጥር ቀኑን ሙሉ መብራት ሊፈልግ ይችላል። ክፍል ሲታይ በቀን ይታይ፤ የግድግዳው ማዕዘን ይታይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። ከሞቃት አገር የመጣ ሰው ሙቀቱ እንዳይወጣ በክረምት መስኮት አይከፍትም፤ የትንፋሹና የድስቱ እንፋሎት በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይረጋል፤ ሻጋታው ከዚያ ይወጣል፤ ሲለቅም ከመያዣው ይቀነስበታል። መድኃኒቱ ማሞቂያውን ዘግቶ መስኮቱን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለአምስት ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈት ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በበርሊን በየመኖሪያው ክፍል የጭስ ማስጠንቀቂያ ግዴታ ነው፤ ቡና የሚቆላና ዕጣን የሚያጨስ ሰው ይህንም ለደባሎቹ ነግሮ፣ ኩሽና ውስጥ መስኮት ከፍቶ ያድርገው።

በገባበት ቀን መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ግን ስሙን በፖስታ ሣጥኑና በደወሉ ላይ መለጠፍ ነው። በርሊን ውስጥ የመኖሪያው በር በአብዛኛው ቁጥር የለውም፤ ፖስተኛው የሚያየው ስም ነው። ስሙ ከሌለ የግብር ቁጥሩም፣ የባንክ ካርዱም፣ የቪዛ ቀጠሮውም ወደ ላኪው ይመለሳል። የሚለጠፈው ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ነው፤ እኛ የአባት ስም የምንለውን እነሱ የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚጽፉ ደብዳቤው በአባቱ ወይም በአያቱ ስም ሊመጣ ይችላልና ሁሉም ይጻፍ። ከዚያ ክፍሉን በፎቶ ማንሣት፦ ወለሉን፣ የመስኮቱን ጠርዝ፣ የተሰነጠቀውን ሰድር። ፎቶው ከነቀኑ ለአከራዩ ይላክ።

ተማሪው ተመርቆ ወይም የተሻለ አግኝቶ ሲወጣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ በጊዜያዊ ውል ውስጥ ግን የተጻፈውን ያንብብ። መያዣው በዕለቱ አይመለስም፤ የማሞቂያው ሂሳብ እስኪዘጋ ወራት ሊቆይ ስለሚችል በዚያ ገንዘብ የሚቀጥለውን መያዣ እከፍላለሁ ብሎ ማሰብ አይገባም። ተተኪ ማቅረብ ይችላል፤ አከራዩ የመቀበል ግዴታ ግን የለበትም፤ በሕጉ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። በደባል ቤት ውስጥ ተተኪውን የሚመርጡት የቀሩት ደባሎች ናቸው። ስለዚህ በመስከረም ለሚመጣ የአገር ልጅ ክፍሉን ሊያስተላልፍ ያሰበ ሰው በሰኔ ይናገር፤ ደባሎቹ አዲሱን ልጅ በስልክ ቪዲዮ እንዲያዩት ያገናኝ፤ አከራዩም በጽሑፍ እንዲፈቅድ ይጠይቅ። ሦስት ወር ቀርቶ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ያነሣው ሰው ክፍሉን ለሌላ ያጣዋል።